ደግ ሐኪም ብቻውን አይበቃም

ውድ አንባቢ፣ ሕመምተኛ ይዘው ሆስፒታል የሄዱበትን ቀን እስቲ ያስታውሱ። ካርድ አውጥተው፣ ወረፋው ሲረዝምብዎ አንዴ ቆመው አንዴ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ በልብዎ ምን ብለው ጸለዩ? ብዙዎቻችን የምንጸልየው አንድ ዓይነት ጸሎት ነው፤ «ጌታ ሆይ፣ ጥሩ ሐኪም አጋጥመን!» ሐኪሙ ትሑት ሆኖ ከተገኘ፣ ነርሷም ፈገግ ብላ ከተቀበለችን ጸሎታችን ተሰማ እንላለን። ፊቱን ያጠቆረ ባለሙያ ከገጠመን ደግሞ ቀኑ ጠመመብን እንላለን።

ጸሎቱ መልካም ነው፤ ማንም እንዳይተወው። ነገር ግን ሳናስተውለው የተቀበልነው አንድ ሐሳብ በውስጡ አለ። እርሱም የሕመምተኛው መዳንና አለመዳን፣ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ፣ በዚያ ቀን ተረኛ በሆነው ሰው ደግነትና ችሎታ ላይ የተንጠለጠለ ነው የሚለው ነው። እንግዲህ ተረኛው ደክሞት ቢሆንስ? ቢሳሳትስ? የሚያደንቁት ጎበዝ ሐኪም በሚቀጥለው ወር ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወርስ? ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሕመምተኛ ምን ይሆናል? ማንም ተረኛ ቢሆን ሕመምተኛው ተገቢውን ሕክምና የሚያገኝበት ሆስፒታል ማቋቋም አይቻልም ወይ?

እንግሊዞች ይህን ጥያቄ በብዙ ዕንባ ጠይቀውታል። ካገኙት መልስ ትልቁ «ክሊኒካል ገቨርናንስ» ይባላል። በአማርኛ በአንድ ቃል መተርጎሙ ያስቸግራል፤ «የሕክምና ጥራት አመራርና ተጠያቂነት» ብንለው ወደ ሐሳቡ እንቀርባለን። ስሙ የቢሮ ሰዎች ያወጡት ይመስላል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ስሙን አልወደውም። ታሪኩ ግን የሕፃናት ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በብሪስቶል የሆነው ነገር

ብሪስቶል በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ሮያል ኢንፈርመሪ በተባለው ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ከልብ ችግር ጋር ለተወለዱ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ይደረግ ነበር። በ1988 ስቲቨን ቦልሲን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም በሆስፒታሉ ሥራ ጀመረ። የማደንዘዣ ሐኪም ሕፃኑን ያስተኛል፤ ከራስጌ ሆኖ አተነፋፈሱንና የልቡን ምት ይከታተላል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ በእጁ ሥራ ተጠምዶ ሳለ እርሱ ሰዓቱን ያያል።

ቦልሲን ቀድሞ ለንደን ውስጥ ይሠራ ስለነበር የሚያወዳድርበት ነገር ነበረው። ብሪስቶል ውስጥ ኦፕራሲዮኖቹ እርሱ ከለመደው ይልቅ ብዙ ሰዓት እንደሚወስዱ አየ። የሚሞቱት ሕፃናትም በዙበት። በ1990 ጭንቀቱን ለሆስፒታሉ የበላይ ኃላፊ በደብዳቤ ገለጸ። ተቀባይነት አላገኘም። በሆስፒታል ውስጥ አዲስ ሰው ተነሥቶ የነባር ሐኪሞችን ሥራ ሲጠይቅ ምን እንደሚባል መገመት አያስቸግርም፤ በየመሥሪያ ቤታችን የምናውቀው ነው።

ቦልሲን ታዲያ አልጮኸም፤ መቁጠር ጀመረ። ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ መዝገብ ሰበሰበ። ሕፃኑ ዕድሜው ስንት ነበር? የልቡ ችግር ምን ዓይነት ነበር? ምን ዓይነት ኦፕራሲዮን ተደረገለት? ዳነ ወይስ ሞተ? ይህን ሁሉ ከጻፉ በኋላ በአገሪቱ ሌሎች ሆስፒታሎች ከሚገኘው ውጤት ጋር አስተያዩት። ጥርጣሬው ከዚያ ወዲያ የአንድ ሰው ስሜት መሆኑ ቀርቶ ቁጥር ሆነ።

ነገሩ ግን ከቁጥሩም በኋላ ቀጠለ። በጥር 1995 ለአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ከባድ የልብ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ቀጠሮ ተያዘ። በዋዜማው ምሽት ሐኪሞቹ ተሰብስበው ይደረግ አይደረግ ተከራከሩ። ቦልሲን ይቅር አለ፤ ሌሎቹ ይደረግ አሉ። በማግስቱ ኦፕራሲዮኑ ተደረገ፤ ሕፃኑም በጠረጴዛው ላይ ሳለ ሞተ። ወላጆቹ በዋዜማው እንዲህ ያለ ስብሰባ መደረጉን የነገራቸው አልነበረም። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ አባት ወይም እናት ከሆኑ በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ጥቂት ይቆዩ። ልጃቸውን ለቀዶ ሐኪሙ የሰጡት ሰዎች፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ያልተስማሙበትን ነገር ሳያውቁ ነበር የሰጡት።

በ1998 የአገሪቱ ሐኪሞች ምክር ቤት አንዱን ቀዶ ሐኪምና የሆስፒታሉን የቀድሞ የበላይ ኃላፊ ከሐኪሞች መዝገብ ሰረዘ፤ ኃላፊውም በሙያው ሐኪም ነበር። ሌላው ቀዶ ሐኪም ለሦስት ዓመት ሕፃናትን ኦፕራሲዮን እንዳያደርግ ታገደ። በፕሮፌሰር ኢያን ኬኔዲ የተመራ የሕዝብ አጣሪ ጉባኤ ደግሞ በ2001 ሪፖርቱን አወጣ። ከ1991 እስከ 1995 ባለው ጊዜ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ከ30 እስከ 35 የሚሆኑ ሕፃናት፣ በሌላ ተመሳሳይ ሆስፒታል ታክመው ቢሆን ኖሮ ከሚጠበቀው በላይ ሞተዋል አለ። ቦልሲን አስቀድሞ አገሩን ለቅቆ ወደ አውስትራልያ ሄዶ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ በእንግሊዝ ሥራ ማግኘት ቀላል አልሆነለትም።

ክፉ ሰዎች አልነበሩም

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው ጥፋተኛውን ነው። አጣሪው ጉባኤ ግን የታሪኩ ዋና ነገር የክፉ ሰዎች ታሪክ አለመሆኑን ጻፈ። ሐኪሞቹ ለሕመምተኞቻቸው የሚያስቡ፣ ጠንክረው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ ሕፃናቱ ለምን ሞቱ? ሥልጣን በጥቂት ሰዎች እጅ ተከማችቶ ነበር። የልብ ሐኪሞቹ በአንድ ሕንፃ፣ ቀዶ ሐኪሞቹ በሌላ ሕንፃ ነበሩ። ውጤቱን የመከታተል ኃላፊነት የማን እንደሆነ በግልጽ የሚታወቅ አልነበረም፤ ሆስፒታሉ የመንግሥት ነው ይላል፣ መንግሥት የሐኪሞች ማኅበራት ነው ይላል። ስህተትን የተናገረ ሰው ደግሞ እንደ ከሃዲ ይታይ ነበር።

እኛ አማኞች ከዚህ የምንማረው ነገር ያለ ይመስለኛል። በቤተ ክርስቲያን ስለ ልብ ብዙ እንሰብካለን፤ መስበካችንም ትክክል ነው። ነገር ግን መልካም ልብ ያለው ሰው በመጥፎ አሠራር ውስጥ ሲሠራ ብዙ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ከመድረክ ስንሰማ እምብዛም አይደለም። ስለ ደጉ ሳምራዊ (ሉቃስ 10) ስናነብ የምናደንቀው ርኅራኄውን፣ ዘይቱንና የወይን ጠጁን ነው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን ልብ ይበሉ። ቁስለኛውን ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ራሱ አደረለት፤ በማግስቱ ለባለቤቱ ገንዘብ ሰጥቶ አደራውን በቃል አስረከበው፤ ሲመለስም የተረፈውን ወጪ ሊከፍል ቃል ገባ። በዛሬ ቋንቋ ብንናገረው ሕመምተኛውን በሥርዓት ለተረኛ አስረከበ፣ በጀት መደበ፣ ተመልሶ ሊከታተልም ቀጠሮ ያዘ ማለት ነው። ርኅራኄው መንገድ ላይ አላለቀም።

መቁጠር የማን ሥራ ነው?

የእንግሊዝ መንግሥት በታኅሣሥ 1997 ባወጣው የጤና አገልግሎት ዕቅድ ውስጥ ክሊኒካል ገቨርናንስ የሚለውን ሐሳብ አስገባ። በ1998 ጋብርኤል ስካሊና ሊያም ዶናልድሰን የተባሉ ሐኪሞች በሐኪሞች መጽሔት ላይ አብራሩት። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ሆስፒታል ገንዘቡን በአግባቡ መያዙን እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ሕክምናው ጥሩ መሆኑንና በየጊዜው እየተሻሻለ መሄዱንም ይጠየቃል። በ1999 የወጣው የጤና ሕግ ይህን ግዴታ አደረገው። ከዚያ በፊት አንድ የሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ ሒሳቡ ከጎደለ ይጠየቅ ነበር፤ ሕመምተኛው ከጎደለ ግን «እርሱ የሐኪሞቹ ጉዳይ ነው» ማለት ይችል ነበር።

መጻሕፍቱ ይህን አሠራር በምሰሶዎች ከፋፍለው ያስተምሩታል፤ የባለሙያ ሥልጠና፣ በጥናት የተረጋገጠ ሕክምና፣ የሕመምተኛ ተሳትፎና ሌሎችም አሉበት። ሁሉንም እዚህ መዘርዘሩ አስፈላጊ አይመስለኝም። ሁለቱ ግን ለማናችንም ይገባሉ።

አንደኛው ኦዲት ነው። ኦዲት ሲባል የሒሳብ ምርመራ ብቻ ይመስለናል። የሕክምና ኦዲት ማለት ግን መደረግ የነበረበትን ከተደረገው ጋር ማስተያየት፣ ጉድለቱን ማረምና እንደገና መቁጠር ነው። በአንድ ማዋለጃ ክፍል በዚህ ወር ስንት እናቶች ከወለዱ በኋላ ደም ፈሰሳቸው? ከእነርሱስ ማኅፀን የሚያጠብቀውን መርፌ ወዲያው እንደወለዱ ያገኙት ስንቶቹ ናቸው? ይህን የማይቆጥር ክፍል ጥሩ መሥራቱንም መጥፎ መሥራቱንም አያውቅም፤ የሚመራው በግምት ነው። መቶ በጎች ስለነበሩት እረኛ በሉቃስ 15 የተነገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዷ መጥፋቷን እንዴት አወቀ? ቆጥሮ ነው። ሳይቆጥር ቢሆን ዘጠና ዘጠኙ አሉልኝ ብሎ ረክቶ ባደረ ነበር።

በነገራችን ላይ በጉባኤዎቻችን የዳኑትን እንቆጥራለን፤ ምስክርነታቸውንም በደስታ እንሰማለን። ያልዳኑትን የሚቆጥራቸው ግን የለም። ለጉባኤ ይህ ይሁን ይባል ይሆናል፤ ሆስፒታል ግን በዚህ መንገድ ሊመራ አይችልም።

ሁለተኛው አደጋን አስቀድሞ መከላከል ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል መድኃኒት አለ። ሳይቀጠን በደም ሥር በቀጥታ ከተሰጠ ልብን ያቆማል። ብልቃጡ ደግሞ መርፌ ለማቅጠን ከሚያገለግለው የውኃ ብልቃጥ ጋር ስለሚመሳሰል በተለያዩ አገሮች ነርሶች ተሳስተው ወግተውታል፤ ሰዎችም ሞተዋል። የቀድሞው ልማድ የተሳሳተችውን ነርስ ማባረርና በግድግዳው ላይ «ይጠንቀቁ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ነበር። በ2002 ግን በእንግሊዝ የሕመምተኞችን ደኅንነት የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ያልቀጠነው መድኃኒት ከተራ ዋርዶች መደርደሪያ ተነሥቶ በጥንቃቄ በሚጠበቅ ቦታ ብቻ እንዲቀመጥ አዘዘ። ልዩነቱን ያስተውላሉ? የደከመች ነርስ በሌሊት እጇን ስትዘረጋ ገዳዩ ብልቃጥ በቦታው አይኖርም። ተጠያቂነት ማለት ሁልጊዜ ሰው መቅጣት አይደለም፤ አንዳንዴ መደርደሪያ ማስተካከል ነው።

ብሪስቶልስ ምን ሆነች? የሕፃናት ልብ ቀዶ ሕክምናው እንደገና ተደራጀ፤ አዲስ ቀዶ ሐኪም መጣ፤ ውጤቱም በየጊዜው ይመዘን ጀመር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች ከሆኑትና ከባድ የልብ ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው ሕፃናት ከ100 ወደ 29 የሚሆኑት ይሞቱ ነበር። ከ1999 እስከ 2002 ባለው ጊዜ ይህ ቁጥር ወደ 3 ወረደ። በዚያው ከተማ፣ ተመሳሳይ ሕመም ባለባቸው ሕፃናት የታየ ውጤት ነው።

ወረቀቱ እያለ

እዚህ ላይ ብንጨርስ ታሪኩ ደስ የሚያሰኝ ይሆን ነበር፤ ግን ሐሰት ይሆናል። ሕጉ ከወጣ፣ ኮሚቴዎቹም ከተቋቋሙ በኋላ በዚያው በእንግሊዝ ስታፎርድ በምትባል ከተማ ሌላ መከራ ደረሰ። ከ2005 እስከ 2009 ባለው ጊዜ በከተማዋ ሆስፒታል የተኙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚያጥባቸው ጠፍቶ በራሳቸው ሽንት ላይ ተኝተው ይውሉ ነበር። ምግብ በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥላቸው ነበር። በውኃ ጥም ከአበባ ማስቀመጫ ውኃ የጠጡ ሕመምተኞች እንደነበሩም ቤተሰቦች ተናገሩ። ሆስፒታሉ በዚያ ጊዜ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አልጎደለውም። አመራሩ ግን ዓይኑ ያለው በወጪ ቅነሳና ከፍተኛ ደረጃ በማግኘት ላይ ነበር፤ ደረጃውንም በ2008 አገኘ! ነርሶች ተቀንሰው ነበር፤ የቀሩትም ደክመው ነበር።

ይህን ያጋለጡት ተቆጣጣሪዎች ብቻቸውን አይደሉም። በዚያ ሆስፒታል እናቷን ያጣች አንዲት ሴት በምትሠራበት ትንሽ ካፌ ውስጥ ሌሎች ሐዘንተኞችን ሰብስባ ጥያቄ ማንሣት ጀመረች። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የደረሰባቸው መስሏቸው ነበር፤ ሲገናኙ ታሪካቸው አንድ ሆኖ ተገኘ። በሮበርት ፍራንሲስ የተመራው የሕዝብ አጣሪ በ2013 ባወጣው ሪፖርት 290 ምክሮች ሰጠ። ከእነዚህ የአንዱ ፍሬ ከ2014 ጀምሮ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ላይ የተጣለው ሐቁን የመናገር ሕጋዊ ግዴታ ነው። በሕክምናው ምክንያት ከባድ ጉዳት ሲደርስ ሆስፒታሉ ለሕመምተኛው ወይም ለቤተሰቡ እውነቱን መናገርና ይቅርታ መጠየቅ አለበት። ይቅርታ መጠየቅ በሕግ ታዘዘ! ለእኛ ይህ ከሕግ በፊት በወንጌል የታወቀ ነገር ነበር፤ ሆኖም ከመካከላችን ስንቱ የጤና ባለሙያ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ «ተሳስተናል፣ ይቅርታ» እንዳለ እግዚአብሔር ያውቃል።

ስለ አገራችንስ?

ይህ ሁሉ የባለጸጋ አገር ጉዳይ ነው፣ እኛ ገና ጓንት ያጥረናል የሚል አንባቢ አይጠፋም። አባባሉ በከፊል እውነት ነው። አንድ ሐኪም ለብዙ ሺህ ሰው በሚደርስበት፣ መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ገዝታችሁ ኑ በሚባልበት ቦታ ጥራት ማለት ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን አንድ ነገር ላስታውስዎ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ለኦፕራሲዮን ክፍሎች 19 ጥያቄዎች ያሉት አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጀ። ሕመምተኛው ማን ነው? የሚቀደደው የትኛው ጎን ነው? ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በጊዜው ተሰጥቷል? ከመስፋታችን በፊት ፋሻውና መሣሪያው ተቆጥሮ ሞላ? ሁሉም ቡድን ቆም ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመልሳል። ወረቀቱ በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች ተሞከረ፤ ከእነርሱም መካከል ለንደንና ሲያትል፣ እንዲሁም ኢፋካራ የምትባል የታንዛኒያ የገጠር ከተማ ነበሩ። በ2009 በታተመው ውጤት የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ወረቀቱ ውድ መሣሪያ አልጠየቀም። የጠየቀው ቀዶ ሐኪሙ ከመጀመሩ በፊት ቆም ብሎ የነርሷን ድምፅ እንዲሰማ ነው፤ ምናልባት በእኛ አገር ከመሣሪያው ይልቅ የሚከብደው ይኸው ይሆናል።

በኢትዮጵያም ሥራው አልተጀመረም ማለት ሐሰት ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2010 ሆስፒታሎች የሚመሩበትን የማሻሻያ መመሪያ አወጣ፤ በ2016 ደግሞ የተሻሻለው መመሪያና የጥራት ብሔራዊ ስትራቴጂው ተከተሉ። «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ የሚለውን ቃል በየጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ ሳያዩት አልቀሩም። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን በ2013 የተጀመረው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባለው አሠራር ነው። አንዲት እናት በእርግዝና ወይም በወሊድ ምክንያት ስትሞት ሞቷ ይመዘገባል፤ ቤቷ ከሞተችም ባለሙያ ወደ ቤተሰቧ ሄዶ ምን እንደሆነ በትሕትና ይጠይቃል። ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ ሲወሰን ዘገየ? መንገድና መኪና ጠፋ? ከደረሰች በኋላ የሚያያት አጣች? ይህ የሚጠየቀው ሰው ለማሰር አይደለም፤ የሚቀጥለዋ እናት እንዳትሞት ነው። አሠራሩ በየቦታው እኩል አይሠራም፤ በወረቀት ላይ የቀረበት ቦታም አለ። ቢሆንም ከዚያ በፊት ዕድር ደርሶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ሦስት ቀን ተለቅሶ የሚረሳው ሞት አሁን ተጠያቂ አለው።

አማኝ ቤተሰብ እዚህ ላይ የሚፈተን ይመስለኛል። ሰው ሲሞትብን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» እንላለን። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ከተነገረ ቃሉ ከባድና ክቡር ነው። ነገር ግን ይህንኑ ቃል የሆስፒታሉ ኃላፊ ሲናገረው ምን ማለት ነው? ያልታጠበ እጅ ላመጣው ኢንፌክሽን፣ ተረኛ ስለጠፋ ሳይታይ ላለፈ ሕመምተኛ የእግዚአብሔርን ስም መጋረጃ ማድረግ ይሆናል። በሕዝቅኤል 34 እግዚአብሔር እረኞችን የከሰሳቸው የደከመውን ስላላጸኑና የታመመውን ስላልፈወሱ ነበር፤ ፈቃዴ ነው ብሎ አላለፋቸውም። እንግዲህ «ለምን ሞተ?» ብሎ በሰላም መጠየቅ የእምነት ማነስ አይደለም።

ጤና ተቋም ላላቸው አብያተ ክርስቲያናትም አንድ ቃል ልበል። በአገራችን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትና ሚሲዮኖች ክሊኒክና ሆስፒታል ከፍተው ብዙ ሕዝብ አገልግለዋል። የቦርድ አባል የሆናችሁ ሽማግሌዎች በስብሰባ ላይ የገቢና የወጪ ሪፖርት ትሰማላችሁ፤ ጠዋት ስብከት መሰጠቱንም ትጠይቃላችሁ። ኦፕራሲዮን ከተደረጉት መካከል የስንቱ ቁስል አመረቀዘ? በዚህ ዓመት ስንት እናቶች ሞቱብን፤ ከእያንዳንዷስ ምን ተማርን? ቅሬታ ካቀረቡት ለስንቱ መልስ ተሰጠ? እነዚህ ጥያቄዎች ከሒሳቡ ቀድመው በአጀንዳው ላይ ቢሰፍሩ የመጋቢነታችሁ ዋና ክፍል እንጂ የባለሙያ ሥራ ውስጥ መግባት አይሆንም።

ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ሐኪም ሆነሽ ይህን የምታነቢ እኅቴ፣ የምታነብም ወንድሜ፣ የቦልሲን መንገድ ዋጋ እንዳስከፈለው አልደበቅኳችሁም። ሁሉም አገር ለቅቆ አይሄድም፤ ሁሉም ደብዳቤ መጻፍ አይችልም። ግን ሁላችሁም መቁጠር ትችላላችሁ። በዋርዳችሁ የሚደጋገመውን ስህተት ያለ ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ይዛችሁ ለአንድ ወር መዝግቡ። ከዚያ በኋላ ለክፍሉ ኃላፊ በጓዳ አሳዩ። «እገሌ ሰነፍ ነው» ከማለትና «በዚህ ወር በሌሊት ተራ ሰባት ጊዜ መድኃኒት ሳይሰጥ ታልፏል» ከማለት የትኛው እንደሚደመጥ ታውቃላችሁ።

አስታማሚ ሲሆኑ

እርስዎ አንባቢዬ ሐኪም ላይሆኑ ይችላሉ። ግን አንድ ቀን አስታማሚ መሆንዎ አይቀርም። በእንግሊዝኛው አሠራር የሕመምተኛና የቤተሰብ ተሳትፎ ከምሰሶዎቹ አንዱ ነው ብለናል፤ በአልጋው አጠገብ ይህ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ።

መርፌ ወይም ክኒን ሲሰጥ የሕመምተኛውን ስም አስጠርተው፣ መድኃኒቱ ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። «እመት፣ ይህ ለምን ነው?» ማለት ድፍረት አይደለም። ሕመምተኛዎ የማይስማማው መድኃኒት ካለ ሳይጠየቁ አስቀድመው ይናገሩ፤ በቻርቱ ላይ መጻፉንም ይመልከቱ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትና ጠበልም ቢሆን፣ ሳያፍሩ ይንገሩ፤ ሐኪሙ የማያውቀውን ሊያስተካክል አይችልም። ባለሙያው ከሌላ አልጋ በቀጥታ ከመጣ እጁን ይታጠብ ዘንድ በፈገግታ ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ይቆጣል፣ ቢሆንም ይታጠባል። ሲመሽ ተረኛው ማን እንደሆነና ሕመሙ ቢጠና የት እንደሚገኝ ይወቁ። ተሽሎት ሲወጣ ደግሞ «ምን ምልክት ካየሁ ሳልቆይ ልመለስ?» ብለው ይጠይቁ፤ የተነገረዎትን መልሰው በራስዎ ቃል ለባለሙያው ይንገሩት፤ ካላገባዎት ያን ጊዜ ይታወቃል። እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ወገኖች በመንግሥት ሆስፒታል አስተርጓሚ ያለ ክፍያ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ስለ እናቱ ካንሰር ሊያስተረጉም የሚገባው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አይደለም።

መልካም የሠራችልዎትን ነርስ ስም ይያዙና ለኃላፊዋ ይንገሩ፤ በአገራችን ምስጋና ወደ ላይ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ቅር ያሰኘዎት ነገር ካለም በታክሲ ውስጥ አውርተውት አይቅር። መጀመሪያ ለክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ ካልተመለሰ ለሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ ያቅርቡ። ሲጽፉ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ክፍሉን፣ የሆነውን በተርታ ያስፍሩ፤ ስድብና ዛቻ አይጨምሩበት። መጨረሻ ላይ የሚፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ማብራሪያ ይሁን፣ ይቅርታ ይሁን፣ ወይም ሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም የአሠራር ለውጥ ይሁን። ደብዳቤውን ሲያስገቡ በመዝገብ ቤት ቁጥር እንዲሰጠው ያድርጉና አንድ ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ።